በገረሴ መስኮት ላይ የሳልኩት ጴጥሮስ

ሰሞኑን የተማሪዎቼን የታሪክ ፈተና ሳርም ነበር። አንዱ ጥያቄ በመካከለኛው ዘመን የአውሮፓ አብያተ ክርስቲያናት መስኮታቸውን ባለቀለም መስታወት ያደረጉት ለምን እንደ ሆነ ይጠይቃል። ብዙዎቹ «ለውበት» ብለው አልፈውታል። አንዷ ግን «ማንበብ ለማይችል ሰው ታሪኩን በብርሃን ለማሳየት» ብላ ጻፈች። ልክ ናት። ምልክት አደረግሁላትና ከዚያ በኋላ ማረም አቃተኝ።

ያንን መልስ መጀመሪያ የሰማሁት ከአባቴ ነው። አባቴ ከጎጃም መጥቶ አርባ ምንጭ ሲያስተምር የኖረ ጡረተኛ መምህር ነበር። በዘጠናዎቹ መጨረሻ፣ እኔ ኮሌጅ ጨርሼ ምደባ ስጠብቅ፣ ደጋው ላይ ባለችው ገረሴ አዲስ ቤተ ክርስቲያን ያሠሩ የነበሩ ሰዎች ሴቻ ሰፈር ወዳለው ቤታችን መጡ። ስለ መስኮቱ ሲያማክሩት፣ «የጥንት ፈረንጆች ፊደል ላልቆጠረው ምእመን ወንጌሉን በመስታወት ላይ ነበር የሚያስነብቡት» አላቸው። «የእናንተም ገበሬ ግእዙን አይሰማ፣ አማርኛውም ይከብደዋል። በዓይኑ ያንብብ።» ሥዕል የምሞክረው እኔ ነበርኩና ሥራው እኔ ላይ ወደቀ።

ወሩ ሚያዝያ ነበር። አይሱዙው ዳገቱን ሲያያዘው የአርባ ምንጭ ሙቀት ከኋላችን ቀረ፤ ከቀርከሃው በላይ ጉም ውስጥ ገባን። አምስት ሳምንት ቄሱ ቤት ተቀመጥኩ። ባለቤታቸው ጠዋት ጠዋት ትኩስ ቆጮ በጎመን ያቀርቡልኛል፤ ከጎኑ የሚያቃጥለው የበርበሬ ዳታ አይጠፋም። እሱን በልቼም ጣቴ አይሞቅም፤ ብሩሹ አልታዘዝ ይለኛል።

አራተኛውና የመጨረሻው መስኮት በሴቶች በኩል ያለው ነው። ጴጥሮስ ባሕር ውስጥ ሲሰምጥ፣ ጌታ እጁን ሲዘረጋለት። እዚያ ስደርስ ሳል ይዞኛል፤ ቤቴ ናፍቆኛል። ሁለቱን እጆች ማያያዝ ብዙ ሥራ ነበረው፤ ጣት በጣት ላይ መሳል ያስቸግራል። በመሃላቸው አንድ ስንዝር ሰማያዊ ትቼ ጨረስኩ። እንዲያውም ያምራል ብዬ ራሴን አሳመንኩ።

ከዚያ መስኮት ሥር አንዲት አሮጊት እየመጡ ይቀመጡ ነበር፤ እማማ አማረች ይባላሉ። የመጨረሻ ልጃቸው ዓሣ ሊያሰግር ጫሞ ሐይቅ ወርዶ ጀልባው እንደ ተገለበጠ፣ ዋና የማያውቅ ደገኛ እንደ ነበረ፣ አስከሬኑም እንዳልተገኘ ቄሱ ነገሩኝ።

ልሄድ ዕቃዬን ስሸክፍ አጠገቤ መጥተው ቆሙ።

«ይሄ ውሃ ጫሞ ነው?»

«አይደለም እማማ፤ የሩቅ አገር ባሕር ነው።»

«ሰውዬው ሞተ?»

«አልሞተም። ጌታ ያወጣዋል።»

ብዙ አዩት። «እጅ አልደረሰችም እኮ» አሉኝ።

«ሊደርስ ነው እማማ።»

«መቼ?»

መኪናው ክላክስ ሲያደርግ ተሰናብቻቸው ወጣሁ።

ቤት ስደርስ ለአባቴ ነገርኩት። መነጽሩን አድርጎ ወንጌሉን ገለጠ። «ወዲያው እጁን ዘርግቶ ያዘው ነው የሚለው» አለኝ። «አንቺ ምን ብለሽ አራራቅሻቸው?»

«ደክሞኝ ነው» አልኩት።

በሚቀጥለው ሳምንት ተመልሼ ላስተካክለው ነበር። ዝናቡ መንገዱን ቆረጠው። መንገዱ ሲከፈት ምደባዬ መጣ፤ ከዚያ አባቴ ግማሽ ጎኑ አልታዘዝ ብሎት አልጋ ላይ ዋለ፤ ከማስተማር የተረፈኝ ጊዜ እሱን ማገላበጥ ሆነ። ሳምንቱ ሁለት ዓመት ሞላ። አባቴን ቀብሬ፣ አርባውን አውጥቼ፣ ቀለምና ምላጭ ይዤ ወደ ገረሴ ወጣሁ።

እማማ አማረች እዚያው ተቀምጠው አገኘኋቸው። ዓይናቸውን ሞራ ጋርዶት ነበር፤ በድምፄ ነው የለዩኝ። ቀኑን ሙሉ የድሮውን ቀለም ፍቄ እጆቹን አገናኘሁ። ስጨርስ መዳፋቸውን ይዤ መስታወቱ ላይ፣ ልክ እጆቹ የተያያዙበት ቦታ ላይ አኖርኩላቸው። ያልደረቀው ቀለም ጣታቸውን ነካው።

«ያዘው?» አሉኝ።

«ያዘው እማማ።»

«ደግ አደረገ» አሉና ጣታቸውን በነጠላቸው ጠረጉ። ፊታቸው ላይ ያየሁት ለውጥ የለም። ያምኑኝ አያምኑኝ አላውቅም።

ይህን ያጫወትኳቸው ሰዎች መመለሴን ያመሰግኑልኛል። እኔ ግን ዕድሜዬ በገፋ ቁጥር የማስበው ስለዚያ ሁለት ዓመት ነው። መድከሜ ውሸት አልነበረም፤ ዛሬም ይደክመኛል፤ ያለ እረፍት የሚሠራ ሰው የለም። ሆኖም እማማ አማረች ዓይናቸው እስኪጠፋ ድረስ በየሰንበቱ ቀና ብለው ያነበቡት ወንጌሉን አልነበረም። የእኔን ድካም ነበር።