ጨለማ ስተረጉም ያረፈድኩበት እሁድ

ካልጋሪ ውስጥ ለቤተ ክርስቲያናችን የምንከራየው አዳራሽ ምድር ቤት ነው። መስኮት የለውም፤ መብራቱም ሰው ሲንቀሳቀስ ይበራል፣ ሰው ጸጥ ሲል በራሱ ይጠፋል።

አንድ እሁድ ጠዋት ከጎረቤት ከተማ ከኤርድሪ የመጡ እንግዳ ፓስተር በግብፅ ላይ ስለወረደው ጨለማ ሰበኩ። እኔ ደግሞ አማርኛ ለማይሰሙት ልጆቻችን የእንግሊዝኛ አስተርጓሚ ነበርኩ። ፓስተሩ "ጨለማ" አሉ፤ "ዳርክነስ" አልኩ። "ጽልመት" አሉ፤ አሁንም "ዳርክነስ"። "ድቅድቅ ጨለማ" ሲሉ "ቬሪ ዳርክ" ብዬ አለፍኩ። "ዓይን ቢወጉ የማይታይ" ሲሉ ግን፣ እንዳለ ብተረጉመው ልጆቹ ይደነግጣሉ ብዬ "ቬሪ፣ ቬሪ ዳርክ" አልኩ። ከፊት የተቀመጠችው የገዛ ልጄ ሳቀችብኝ። ለአንድ ጨለማ ይሄ ሁሉ ቃል ምን ያደርጋል ብዬ በሆዴ ተነጫነጭኩ።

በመጨረሻ ፓስተሩ በዝምታ እንድንጸልይ ጠየቁን። ሁላችንም አንገታችንን ደፍተን ጸጥ ስንል መብራቱ ድርግም አለ። ማንም ንቅንቅ አላለም፤ የስብከቱ ክፍል መስሏቸው ይሆናል። ቆይቶ፣ አስመራ በአማርኛ የተማሩ አንድ ኤርትራዊ አዛውንት ቁርጥማት የያዘውን እግራቸውን ሲዘረጉ መብራቱ ቦግ አለ። እሳቸውም ማታ ማታ መብራት ሲበራ እንደለመዱት፣ ጎንበስ ብለው "እንደምን አመሻችሁ" አሉ። አዳራሹ በሙሉ "እግዚአብሔር ይመስገን" ብሎ መለሰ። ገና ከጠዋቱ አምስት ሰዓት ነበር።

እኔም ማይኩን እንደያዝኩ "ጉድ ኢቭኒንግ" አልኩ። የዚያን ቀን ሳልደነቃቀፍ የተረጎምኳት እሷን ብቻ ነው።