እናቴና የሥዕሉ መስታወት

በሰበካችን ቤተ ክርስቲያን፣ በሴቶች በኩል ባለው ግድግዳ ላይ፣ እመቤታችን ልጇን ታቅፋ የተሳለችበት ጥንታዊ የእንጨት ሥዕል አለ። ማን እንደ ሳለው የሚያውቅ የለም። እናቴ ከልጅነቷ ጀምሮ በየወሩ በማርያም ቀን እየሄደች ትስመዋለች። እኔንም ያስለመደችኝ እሷ ናት።

ሥዕሉ ግን ከመሳም ብዛት ተጎዳ። ከንፈርና ግንባር የሚደርስበት የታችኛው ክፍል ቀለሙ ተልጦ እንጨቱ ወጣ። የሕፃኑ እግሮች ጠፉ። የቤተ ክርስቲያኑን ንዋያት የሚጠብቁት ቄሰ ገበዝ ምእመናኑን ሰብስበው፣ «ዛሬ ካልጋረድነው የልጅ ልጆቻችን የሚሳለሙት ባዶ ጣውላ ነው» አሉን። እውነታቸውን ነበር። የሚጋርደው መስታወት ከሞላሌ ከተማ በባና፣ በወፍራሙ የሱፍ ብርድ ልብስ፣ ተጠቅልሎ መጣ፤ ክፈፍ ተሠራለትና ሥዕሉ ፊት ቆመ።

እናቴ ብቻ አልተቀበለችውም።

«እንግዲህ መስኮት ልሳለም ነው?» አለች።

«እማዬ፣ እመቤታችን እኮ እዚያው ናት።»

«እዚያው ናት፤ በር ዘግተውባታል።»

ከዚያ ወዲህ ከውጭ፣ ከወይራው ሥር ቆማ ታስቀድስ ጀመር። ወደ ሥዕሉ ዝር አላለችም። ሕፃን ልጄን አዝዬ ያለ እሷ ስገባ ዞር እያልኩ አያት ነበር። ዕድሜዋ ገፍቷል፤ እንዲህ እንደ ተኳረፈች እንዳትቀር ፈራሁ።

አስተርእዮ ማርያም ደረሰ። ሴቱ ሁሉ ለበዓሉ ቅቤ ተቀብቶ መጣ፤ ግንባሩን መስታወቱ ላይ እያስነካ ተሳለመ። እኔም አንዷ ነበርኩ። ቅዳሴው ሲያልቅ መስታወቱ ጉም የወረደበት መሰለ፤ እመቤታችን አትታይም። ቄሰ ገበዙ በጋቢያቸው ጫፍ ቢጠርጉት ጭራሽ ባሰበት። ወጡና እናቴን ጠሩ።

«እማማ፣ ይምጡ እስቲ። እመቤታችን ቅቤ ተቀብታለች።»

«በዓሏ አይደለም እንዴ? ምን አጠፋች?»

«መልኳ ጠፋብና!»

«አሁንስ መስኮት ጠራጊ አደረጉኝ» አለች፤ ግን ተነሣች። «ደግሞ ቅቤ በደረቅ ጨርቅ ይለቃል? ውኃ አሙቂ፣ አንቺ! ሳሙናም አምጪ።»

አመጣሁላት። ጨርቁን እየጨመቀች፣ እያጉረመረመች፣ ከላይ ወደ ታች ጠረገች። ድንገት እጇ ቆመ።

«መሃረብ ይዛለች» አለች።

እውነትም የእመቤታችን እጅ የታጠፈ መሃረብ ይዟል።

«ድሮም ይዛለች እኮ፣ እማዬ።»

«እኔ በምን ልወቅ? ስስማት ዓይኔን እጨፍን ነበር!» ፊቷን ወደ መስታወቱ አስጠግታ ደጋግማ አየችው። ከዚያ ትን እስኪላት ሳቀች። «የልጇን አፍንጫ ልትጠርግበት ነዋ! እንደኛው!»

«ኧረ እማማ፣ ይህንስ መጽሐፍም አልጻፈው» አሉ ቄሰ ገበዙ፤ እሳቸውም ሳቃቸውን መያዝ አልቻሉም።

አሁን መስታወቱን የምትጠርገው እናቴ ናት። በማርያም ቀን አጠገቡ ቆማ ሴቶቹን ታስተናግዳለች፦ «ግንባርሽን ከመስታወቱ አርቂ! ክፈፉን ሳሚ! ዓይንሽን ግለጪ እንጂ፣ ምን ትጨፍኚዋለሽ?»

ሕዝቡ ሲቀልላት ልጄን ከጀርባዬ ተቀብላ ከፍ ታደርጋትና መሃረቡን ታሳያታለች። ልጄ ጣቷን ወደ መስታወቱ ስትዘረጋ፣ ሳታስነካው ቀድማ ያዝ ታደርግና እሱኑ ጣት ትስመዋለች።

ተመስገን።