ኩባያው የቆመበት ይግጠም

ሰሞኑን ወልድያ ቤታችን ልጄ በስልኳ አንድ የድሮ ቻይና ሥዕል አሳየችኝ፤ ረጃጅም ቀሚስ የለበሱ ጢማም ሰዎች በጠመዝማዛ ወንዝ ዳርና ዳር ተቀምጠው በውሃው ላይ የሚንሳፈፉ ጽዋዎችን ያያሉ። «እማዬ፣ ምን እየጠበቁ ነው?» አለችኝ። «ግጥም» ብዬ ሳቅሁ፤ እኔም ልጅ ሳለሁ መርሳ ላይ እንደነሱ ተቀምጬ ነበርና።

አማርኛ ያስተማሩን መምህር ደምሴ ኮታቸው ሁልጊዜ በጠመኔ የነጣ፣ ግጥም ሲያነቡ ዓይናቸውን የሚጨፍኑ ቀጭን ሰው ነበሩ። የሒሳብ አስተማሪያችንን እትዬ ሰብለን እንደሚወዱ የትምህርት ቤቱ ዘበኛ እንኳ ያውቅ ነበር፤ እሳቸው ግን ፊት ለፊት ሲገናኙ ከ«እንደምን አደሩ» በላይ ቃል አይወጣቸውም።

አንድ ዓመት መስከረም መገባደጃ ላይ፣ ሜዳው በአደይ ቢጫ በሆነ ሰሞን፣ መምህሩ ከመጽሐፍ ያገኙትን ወግ ነገሩን። ድሮ ቻይናዎች ብርዱ አልፎ ፀደይ ሲገባ ከቤት ወጥተው አዲሱን ሣር ይረግጣሉ፣ በወንዝ ይታጠባሉ፣ ከዚያ ጽዋ በውሃው ላይ ይለቃሉ፤ ጽዋው ፊቱ የቆመበት ሰው ይገጥማል፣ ካቃተው ይጠጣል። «እኛስ ከማን እናንሳለን?» አሉና ክፍሉን በሙሉ ይዘው ወደ መስኖው ቦይ ወረዱ። እትዬ ሰብለም «ለዳኝነት» ተጋብዘው መጡ።

ችግሩ ከቅጣቱ ጀመረ። ጠጅ ለልጅ ስለማይሆን፣ በሙዝ ግንድ ቁራጭ ላይ ያስቀመጥናቸው ኩባያዎች ውስጥ ሎሚ በስኳር ተበጥብጦ ነበር፤ ስለዚህ ኩባያ የቆመለት ሁሉ ለአፍታ እንኳ ሳያስብ «አቃተኝ!» እያለ ይጨልጥ ጀመር። መምህሩ ሕጉን ገልብጠው «የገጠመ ይጠጣል» ሲሉ ጊዜ ነው ግጥም የፈለቀው። ሆዳሙ ሰይድ ተነሣና፣

«ሜዳው ቢጫ ሆኖ ዓይኔን ደስ ቢለውም፣
አበባ አይበላም ሆዴ አላመነውም»

ብሎ የራሱንም የጎረቤቱንም ጠጣ።

በዚህ መሐል ውሃው ቀነሰ፣ ቀነሰና ቀጥ አለ። የመስኖ ተራ የሚያከፋፍሉት አባባ ይማም የእኛን ጨዋታ ሳያውቁ ከላይ ዘግተው ወደ ሌላ ማሳ መልሰውት ኖሯል። የቀሩት ኩባያዎች ሁሉ መምህር ደምሴ የተቀመጡበት ጎድጓዳ ቦታ ላይ ተኮልኩለው ቆሙ። «መምህር! መምህር!» ብለን ጮህን። ተነሡ፤ ኮታቸውን አስተካከሉ፤ ዓይናቸውን ጨፈኑ፤

«ውሃው ቆመ እንጂ ልቤ መች ቆመና…»

አሉና እሳቸውም ቀጥ አሉ። ጆሯቸው ቀላ። እኛ ልንረዳቸው «ጤና!» «ደመና!» «ገና!» እያልን የመጣልንን ስንወረውር፣ እትዬ ሰብለ የሒሳብ መልስ በሚናገሩበት በዚያ እርግጠኛ ድምፃቸው፣

«ሽማግሌ ይዘህ እኛ ቤት ድረስ ና!»

አሉ። «ይዘህ»! ሁልጊዜ «እርስዎ» የሚሏቸውን ሰው! ሴቶቹ እልል አልን፤ አባባ ይማም ጩኸታችንን ሰምተው ውሃ የሚሰርቅ ሰው የመጣ መስሏቸው አካፋቸውን እንደያዙ እየሮጡ ደረሱ። ነገሩን ስንነግራቸው መምህሩን ከላይ እስከ ታች አዩና፣ «አልሐምዱሊላህ! ውሃውን የዘጋሁት እኔ ነኝ፤ ሽማግሌም እኔው እሄድልሃለሁ» አሉ። ሄዱም።

በጥር ተጋቡ። በዓመቱ ወደ ሌላ አገር ተዛወሩና የመጣው አዲስ መምህር መስከረምን ሰዋስው ሲያስገለብጠን ከረመ፤ ቦዩ ዳር የወሰደን ሰው ከዚያ ወዲህ አልነበረም።

እኔን ባሌ ለትዳር የጠየቀኝ በስልክ መልእክት ነው፤ ያውም ግማሹ ፊደል ተሳስቶ። ደግ ሰው ነው፣ አልዋሽም። ባለፈው መስከረም ወደ ሐራ ስንሄድ ሚኒባሳችን ጎማ ሊቀይር ቆመ፤ ግራ ቀኙ አደይ ነው። እጁን ይዤ ወደ አበባው ወሰድሁትና «እስቲ አንድ ነገር በለኝ» አልሁት። ሜዳውን አየ፤ እኔን አየኝ፤ ጉሮሮውን ጠረገ።

«ጨርሰዋል መሰለኝ፤ እንሂድ» አለኝ።

ሐራ እስክንደርስ ድረስ፣ መስኮቱን ተደግፌ፣ ለ«እንሂድ» ቤት የሚመታ ቃል ስፈልግ ነበር።