የቤተ መንግሥቱ በር ጀርባ

ነቀምቴ ውስጥ አንድ ቤተ መንግሥት ሠርቻለሁ። በትክክል ለመናገር በሩን ብቻ ነው የሠራሁት፤ ቤተ መንግሥት የሚባል ነገር አልነበረም። የነበረው ሥራውን ያዘዘኝ የሠርግ ዲኮር ቤት ባለቤት ስልክ ውስጥ ነው፤ ማታ ማታ ከተማው ሁሉ እራቱን ትቶ በሚያየው፣ በአማርኛ በተተረጎመ የባሕር ማዶ ድራማ ውስጥ። ንጉሡ በፈረስ የሚገባበት ትልቅ የድንጋይ በር ነው።

«ይሄን ራሱን ነው የምፈልገው» አለኝ ባለቤቱ ምስሉን አቁሞ። «ሙሽሮች እዚህ ሥር ይቆማሉ። አንዲት ድንጋይ እንዳትቀር።»

እኔ ሰዓሊ ነኝ። ማለትም የፀጉር ቤት ማስታወቂያ እጽፋለሁ፣ የመዋዕለ ሕፃናት ግድግዳ ላይ አንገቱ የተጣመመ ቀጭኔ እሥላለሁ፣ የመቃብር ሲሚንቶ ቀብቼ እብነ በረድ አስመስላለሁ። ሟቾቹ እስካሁን ቅሬታ አላቀረቡም። ቪዲዮውን መልሼ ሳየው ሳቄ መጣ። ፈረሱ ሲገባ ጭራው ግድግዳውን ይነካዋል፤ ግድግዳው ይንቀጠቀጣል።

«ይሄ እኮ ራሱ ፎም ነው» አልኩት። «እነሱም እንደ እኔ ያለ ቀቢ ቀጥረው ነው ያሠሩት።»

ፊቱ ተለዋወጠ። እናቱን የሰደብኩበት ነው የመሰለው።

«ኦቦሌቲ፣ እህቴ፣ ንጉሡ ፎም ውስጥ ነው የሚኖረው እያልሽኝ ነው?»

ከዚህ በላይ መከራከር ትርፉ ድካም ነው። የውሸቱን ውሸት ልሠራ ተስማማሁ።

የባሕር ዛፍ ማገር አቆምኩ። ፍሪጅና ቴሌቪዥን ታሽጎ የሚመጣበትን ነጭ ፎም በኮላ ለጠፍኩበት፤ የድንጋዮቹን መጋጠሚያ በወጥ ቤት ቢላዋ ፈለፈልኩ። ሰጋቱራ፣ ኮላና ስቱኮ ደባልቄ ላዩን በእጄ መረግኩት። ድንጋይ መቀባት የማያውቅ ሰው ግራጫ ቀለም ገዝቶ ይመጣል። ድንጋይ ግን ግራጫ አይደለም። ቀርበው ካዩት ቡናማ አለው፣ ቢጫ አለው፣ ዝናብ የሚያርፍበት ጎኑ ወደ አረንጓዴ ይሄዳል። መጀመሪያ አጠቆርኩት፤ ከዚያ በስፖንጅ ነካ ነካ እያደረግኩ አፈካሁት፤ በመጨረሻ በውኃ የቀጠነ ጥቁር ቀለም ከላይ ለቀቅኩበት። ቀለሙ ስንጥቁ ውስጥ እየገባ ሲቀር በሩ በአንድ ከሰዓት አረጀ። ሰው እንዲህ ቶሎ የሚያረጀው ቀበሌ ወረፋ ሲይዝ ብቻ ነው።

ባለቤቱ በየሰዓቱ እየመጣ ልቤን ያወልቀዋል። «ቫርኒሽ ቀቢው እንጂ፣ ያብለጭልጭ።»

«ድንጋይ አያብለጨልጭም።»

«ቴሌቪዥን ላይ ያብለጨልጫል።»

የሚያብለጨልጨው ቴሌቪዥኑ ነው ብል ማን ይሰማኛል። የባጃጅ ሹፌሮች እየቆሙ «ኩን ዻጋዻ?» ይሉኛል፤ ይሄ ድንጋይ ነው ወይ ማለታቸው ነው። «ዻጋዻ» እላቸዋለሁ ኮስተር ብዬ። በጣታቸው ያንኳኩታል፣ ባዶ ድምፅ ይሰጣል፣ ስቀው ይሄዳሉ። በማግስቱ እነዚያው ሹፌሮች ሚዜ ሆነው ሥሩ ፎቶ ይነሣሉ።

በሩ ተወደደ። ያላገባ ሁሉ ለማግባት ቸኮለ ማለት ይቻላል። አንድ የመሥሪያ ቤት ኃላፊ፣ ሠርግም ሳይኖርበት፣ ሱፉን እንደለበሰ የእንጨት ሰይፍ ይዞ ፎቶ ተነሣበት፤ ፎቶው ቢሮው ውስጥ ተሰቅሏል ይባላል። በሩ በአይሱዙ ተጭኖ አኖ ከተማ ድረስም ሄዷል። አኖ ላይ አንድ ሙሽራ ጀግንነቱን ለጓደኞቹ ሊያሳይ በቡጢ ቢመታው እጁ እስከ ሰዓቱ ድረስ ገባ። ሄጄ ሞላሁት።

በዚህ መሃል ነው ሽማግሌው የመጡት። ድሮ ከወሎ መጥተው ጊዳ አያና የከተሙ ገበሬ ናቸው፤ በዚያ ክፉ የግጭት ጊዜ ቤታቸው ተቃጥሎ ነቀምቴ ከገቡ ቆይተዋል። የሚኖሩት ከጎሚስታ ጀርባ ባለ የኪራይ ግቢ ነው። ልጃቸው የነቀምቴ ልጅ ልታገባ ነበር። እሳቸውም የቴሌቪዥን በር አማራቸው ብዬ በሆዴ ሳቅኩ።

በሩን ዞረው ዞረው አዩት። አናቱ ላይ ጥርስ ጥርስ መስሎ ወደተሠራው ጫፍ እያመለከቱ «ይሄ ደግሞ ምንድን ነው?» አሉኝ።

«ቀስተኞች ከጀርባው ተደብቀው ጠላት የሚወጉበት ነው፣ አባባ።»

«እኔ የምጠብቀው ሠርገኛ ነው» አሉ።

ከዚያ የመጡበትን ጉዳይ ነገሩኝ። የሙሽራው ወገን ሽማግሌዎች ደጅ ቆመው ይለምናሉ። አባት ደጁ ላይ ቆሞ፣ ሁለት እጁን ዘርግቶ ይመርቃል። ልጅቷ ከአባቷ ደጅ ትወጣለች። እሳቸው ደጅ የላቸውም።

«የሰው በር ላይ ቆሜ ልጄን ልመርቅ?» አሉኝ። «ያውም ጎማ እንጠግናለን ተብሎ የተጻፈበት የቆርቆሮ በር ላይ።»

ጽሑፉ የእኔ ነበር። አልነገርኳቸውም።

የራሳቸው በር ከቀይ ድንጋይ የተካበ ነበር። ኦሮምኛ ተናጋሪውም አማርኛ ተናጋሪውም ጎረቤት በደቦ ወጥቶ ነው የካበው። በስተቀኝ፣ ከወገብ ከፍ ብሎ የነበረው ድንጋይ ማጭድ ሲሳልበት ኖሮ ጎድጉዷል። ያንን እንደ ነበረ ልሠራላቸው እችል እንደሆነ ጠየቁኝ። ሲጠይቁኝ መሬት መሬት ያዩ ነበር። አንጀቴን በሉት።

የዲኮር ቤቱ ባለቤት ደም ሥሩ ተገታተረ። «ቤተ መንግሥቴን የባላገር ደጅ ልታደርጊብኝ?»

«ፊቱን አልነካም። ጀርባውን ነው የምቀባው።»

ጀርባው ማገርና ጆንያ ብቻ ነበር። የውሸት ነገር ሁሉ ጀርባው እንደዚያ ነው። «ጀርባውን ማን ያየዋል» ብሎ ፈቀደ።

ጡብ ወቅጬ ዱቄቱን ስቱኮው ውስጥ ጨመርኩ። ሽማግሌው በርጩማ ስበው አጠገቤ ተቀመጡ። ሥራዬን ቆሞ የሚያይ ሰው አልወድም፤ ተቀምጦ የሚያይማ ጠላቴ ነው። «እሱ ጠቆር ይላል» ይሉኛል። «እዚህ ጋ ሽበት ነበረው። ዝናቡ የሚመታው ከዚህ ጎን ነው።» ብሩሽ ልወረውር ምንም አልቀረኝም። እያረምኩ ስሄድ ግን ድንጋዩ ድንጋይ እየሆነ መጣ፤ ለንጉሡ በር ያልለፋሁትን ለዚህ ለፋሁ። ጎድጓዳው ላይ ስንደርስ የምፈለፍልበትን ማንኪያ አላመኑም። አውራ ጣታቸውን እርጥቡ ስቱኮ ላይ አሳርፈው፣ ማጭድ እንደሚስል ሰው ራሳቸው ወደ ላይና ወደ ታች ሄዱበት።

በሠርጉ ቀን በሩ ተገልብጦ፣ ጀርባው ወደ መንገድ ዞሮ ጎሚስታው አጠገብ ቆመ። የባለቤቱ ሠራተኞች ግን ሌላ ሠርግ ስለነበረባቸው እንደ ነገሩ በገመድ አስረውት ሄደዋል። የሙሽራዋ ጓደኞች እንደ ደንቡ ክንድ ለክንድ ተያይዘው በሩን ዘጉ። ሚዜዎቹ እንደ ደንቡ ገፉ። ፎም መሆኑን የማያውቅ አንድም ሰው አልነበረም፤ ቢሆንም በር ነውና ገፉት። አናቱ ሲወዛወዝ አየሁ።

ሽማግሌው ነጭ ጋቢያቸውን እንደለበሱ ራመድ ብለው ቀኝ እጃቸውን ጎድጓዳው ላይ አሳረፉ። ከሩቅ ላያቸው ደጁን ደገፍ ብሎ እንግዳ የሚቀበል ባለርስት ይመስላሉ። እኔ ግን ቅርብ ነበርኩ፤ ገመዱ ላልቶ ነበር። በሩን የያዘው ገመዱ ሳይሆን እሳቸው ነበሩ።

ግፊያው አልቆ፣ ልጆቹ መንገድ ለቀው፣ የሙሽራው ሽማግሌዎች ቀርበው ለመኑ። ምርቃቱ ደረሰ። ሽማግሌው ግራ እጃቸውን ዘረጉ። ቀኛቸው ከድንጋዩ አልተነሣም። ሰው እርስ በርሱ ተያየ፤ በአንድ እጅ ማን ይመርቃል? አንዲት ሴትዮ «እጃቸውን አሟቸዋል እንዴ?» ስትል ሰማኋት። ልጃቸው በበሩ መሃል አንገቷን ደፍታ ትጠብቃለች። እሳቸው ቢለቁት በሩ ልጃቸው ላይ ይወድቃል፤ ካልለቁት ደግሞ ልጃቸው ያለ ምርቃት መውጣቷ ነው። እኔም የምሮጥበት አጣሁ።

የሙሽራው አባት ደንደን ያሉ፣ አዲስ ጥቁር ሱፍ የለበሱ ሰው ነበሩ። የሽማግሌውን እጅ አዩት፣ ቀና ብለው የበሩን አናት አዩት። ከዚያ ምንም ሳይቸኩሉ መጥተው ጀርባቸውን በሩ ላይ ለጠፉት፤ ሰፊ ጀርባ ነበራቸው።

«ኦቦ፣ ኩን ዻጋዻ» አሉ፣ ሰው ሁሉ እንዲሰማ ድምፃቸውን ከፍ አድርገው። «ድንጋይ ነው፣ የት ይሄዳል? ኤቢሳ። ይመርቁልን።»

ሽማግሌው ሁለት እጃቸውን ዘረጉ። ረጅም ምርቃት መረቁ። የሙሽራው አባት ምርቃቱ እስኪያልቅ እያላባቸው አሜን ይሉ ነበር፤ ቸርች የገቡትም የሱፋቸው ጀርባ የእኔን ቀይ የጡብ ዱቄት እንደተሸከመ ነው። እንዲያራግፍላቸው ለማንም አልፈቀዱም።

ከሰዓት የዲኮር ቤቱ ሰዎች በሩን ሊወስዱ መጡ። ባለቤቱም አብሮ መጥቶ ዓይኑን በጨው አጥቦ «ይሄን ቀዩን ነገር አጥፊልኝ» ይለኝ ጀመር። ሁለት ሠራተኞች በሩን አንድ አንድ እጃቸውን ብቻ አስገብተው ብድግ አደረጉት፤ አንደኛው በሌላ እጁ ስልክ ያወራ ነበር። ሽማግሌው ጎሚስታው ደጃፍ ቆመው ያያሉ። ጠጋ ብዬ «መቼም ቀላል በር ነው፣ አባባ» አልኳቸው።

«የእኔው ይከብድ ነበር» አሉኝ። «ለማፍረስ ብዙ ሰው ነው የመጣው።»