ከበሮው ሜዳ የዋለ ቀን

እኔ የምደግፈው የእግር ኳስ ቡድን ያለው ስኮትላንድ ነው። ይህን ስናገር ሰቆጣ ውስጥ የማይስቅብኝ ሰው የለም። ሌላው ሰው ዋንጫ የለመደ ቡድን መርጦ፣ ኳስ ማሳያ ቤት አግዳሚ ላይ ተጣቦ ተቀምጦ ይጮኻል። የእኔን ቡድን ግን ማንም አያሳየውም። ቅዳሜ አመሻሽ ላይ ኔትወርክ ካለ ውጤቱን በስልኬ አያለሁ፤ ከሌለ ደግሞ ተሸንፏል ብዬ ራቴን እበላለሁ። ብዙ ጊዜ አልሳሳትም።

ይህን ፍቅር ያመጣብኝ አንድ ስኮትላንዳዊ የውሃ መሐንዲስ ነው። ጉድጓድ ለማስቆፈር መጥቶ አንድ በጋ እኔ በምኖርበት ግቢ ተከራይቶ ነበር። የትውልድ ከተማው ቡድን ከታችኛው ምድብ ወጥቶ አያውቅም፤ እሱ ግን ስለ ቡድኑ ሲያወራ ፊቱ ይበራል። ከሥራ ሲመለስ በረንዳው ላይ ተቀምጠን የደጋፊዎቹን ቪዲዮ ያሳየኛል። ቀሚስ የለበሱ ወንዶች አቅማዳ የመሰለ ነገር በብብታቸው ታቅፈው ይነፋሉ፤ ከኋላቸው ሌሎቹ ትልልቅ ከበሮ በበትር ይደልቃሉ። ሦስት ለባዶ ተሸንፈውም ከበሮው አይቆምም። እኔ ደግሞ የቄስ ትምህርት ቤት ልጅ ነኝ፤ በዲቁና አገልግያለሁ፤ ከበሮ አንግቤ ወረብ ወርቤያለሁ። ዛሬ የሒሳብ መምህር ብሆንም ከበሮ ስሰማ እግሬ አያርፍም። ሰውዬው ሥራውን ጨርሶ ሲሄድ ቡድኑንና ያን ቪዲዮ ትቶልኝ ሄደ።

ከዚያ በኋላ ለከተማችን ቡድን አስጨፋሪ ሆንኩ። ማንም አልሾመኝም፤ ከሁሉ የበለጠ የምጮኸው እኔ ስለሆንኩ ነው።

የዛሬ ሦስት ዓመት በጥር፣ የጋዝጊብላ ቡድን እኛ ሜዳ መጥቶ ሊጫወት ቀጠሮ ተያዘ። ያለፈው ዓመት እነሱ ሜዳ ሄደን ተሸንፈን ነበር፤ በዚያ ላይ የእነሱ ጭፈራ አናታችን ላይ ወጥቶብን ነበር። ዘንድሮ በጭፈራም አንሸነፍም ብዬ ለሰው ሁሉ ተናገርኩ። ከተናገርኩ በኋላ ነው ከበሮ እንደሌለን ትዝ ያለኝ። ጥር ደግሞ የሠርግ ወር ነው፤ በጥር ሰቆጣ ውስጥ ሥራ የፈታ ከበሮ አይገኝም። ከቤት ቤት ዞርኩ። አንዱ ሙሽራ ሊያመጣ ሄዷል፣ ሌላው ለማግስቱ ተይዟል።

በዚያው ሳምንት የደብራችን ንግሥ ነበር። የደብራችን ቄሰ ገበዝ፣ ማለትም የቤተ ክርስቲያኑን ንዋየ ቅድሳትና የዕቃ ቤቱን ቁልፍ የሚጠብቁት አባት፣ የእኔም የንስሐ አባት ናቸው። ፊደል ያስቆጠሩኝም፣ ከበሮ ያስያዙኝም እሳቸው ናቸው። ልጅ ሆኜ ከበሮውን አለመጠን ስደበድበው መዳፌን ይዘው ያቆሙኝና፣ “በመዳፍ ነው ልጄ፣ ቀስ ብለህ። በዱላ የሚመታው አህያ ነው” ይሉኝ ነበር።

ዓርብ ዕለት ለተዝካር ፃግብጂ ሊሄዱ ሆነና ቁልፉን ከአንገታቸው አውልቀው ሰጡኝ።

“ጥላዎቹን አናፍስልኝ፣ አልባሳቱንም አራግፍልኝ። ከአንተ በቀር ለማን እሰጣለሁ?” አሉኝ።

ቅዳሜ ጠዋት ጥላዎቹን አናፈስኩ፣ አልባሳቱን አራገፍኩ፣ ወለሉን ጠረግኩ። የታዘዝኩትን ሁሉ በደንብ ሠራሁ። ከዚያ ከበሮውን አየሁት። ቀይ ልብሱን ለብሶ ግድግዳውን ተደግፏል። ለሁለት ሰዓት ብቻ ነው አልኩ። ዳዊትም በታቦቱ ፊት ዘሏል አልኩ። ሰው ሊያጠፋ ሲነሣ መጽሐፍ መጥቀስ ይወዳል። ልብሱን አወለቅኩለትና በጋቢዬ ጠቅልዬ ወጣሁ። ሜዳ ላይ ያየኝ ሁሉ የሠርግ ከበሮ መሰለው፤ እኔም አላረምኩም።

የጋዝጊብላ ሰዎች በጭነት መኪና ተጭነው እየዘፈኑ ገቡ። ፊሽካ አላቸው፣ ጥሩምባ አላቸው፣ ጉሮሮ አላቸው። የመጀመሪያውን አጋማሽ በመዳፌ መታሁ፤ እጄ አበጠ፤ ድምፄም የትም አልደረሰም። ያን ጊዜ የስኮትላንዶቹ በትር ትዝ አለኝ። አጠገቤ ከቆሙ አንድ አዛውንት ደጋፊ ዱላቸውን ለመንኳቸው፤ እየሳቁ ሰጡኝ። በዱላ ሲመታ ከበሮው እንዴት አጓራ! ሜዳው ሁሉ ወደ እኛ ዞረ። ጨዋታው ሊያልቅ ደቂቃዎች ሲቀሩ የእኛው አጥቂ አገባ፤ እኔም ዓይኔን ጨፍኜ ባለ በሌለ ኃይሌ ደለቅኩት። ዓይኔን ስገልጥ ትልቁ የከበሮው ፊት ከዳር እስከ ዳር ተሰንጥቋል።

እውነቱን ልናገር፤ ያን ጊዜ አልደነገጥኩም። ሰው ተሸክሞኝ ነበር፤ እየሳቅኩ ነበር። በሕይወቴ እንደዚያ ቀን የተደሰትኩበት ቀን ጥቂት ነው። ዛሬ ድረስ ከቀዳዳው ይልቅ የሚያሳፍረኝ ያ ደስታ ነው።

ከበሮውን መለስኩት። ልብሱን አለበስኩት፣ የተቀደደውን ፊት ወደ ግድግዳው አዞርኩት። እሑድ ቁልፉን ስመልስ እናገራለሁ ብዬ ነበር፤ ሌሊቱን ሙሉም ቃሉን ሳሰናዳ አደርኩ። እሳቸው ቁልፉን ተቀብለው አንገታቸው ላይ አጠለቁና ፊቴን አዩኝ።

“ሁሉ ደህና ነው?”

“ደህና ነው አባቴ።”

በንግሡ ቀን ታቦቱ ወጥቶ፣ ሕዝቡ ዙሪያውን ቆሞ፣ ካህናቱ ሊወርቡ መቋሚያቸውን አነሡ። ከበሮ የያዘው መሪጌታ መዳፉን አሳረፈ። የወጣው ድምፅ ጆንያ ሲመታ የሚወጣው ዓይነት ነበር። ደግሞ መታ፤ ያው ነው። ልብሱ ሲገለጥ ስንጥቁ ታየ። ወረቡ በጭብጨባ ሆነ። የደብራችን ከበሮ በሌለበት ታቦት ሲወጣ ያን ቀን የመጀመሪያው ነው። ሴቶች ‘ምን ክፉ ምልክት ነው’ እያሉ አማተቡ።

የሰበካ ጉባኤው ሊቀ መንበር በሕዝቡ ፊት ጮክ ብለው ጠየቁ፤ “ዕቃ ቤቱን የሚጠብቅ ማን ነው?”

“እኔ ነኝ” አሉ ቄሰ ገበዙ።

እኔ ከእሳቸው ሦስት እርምጃ ርቄ፣ ራሴ ያናፈስኩትን ጥላ ይዤ ቆሜ ነበር። አፌ ተለጎመ። ከሁለት ሳምንት በኋላ ጉባኤው፣ አርጅተዋል፣ አይጥ ቆዳ ሲበላ አያዩም፣ ይረፉ ብሎ ቁልፉን ተቀበላቸው። ሠላሳ ዓመት የያዙትን ቁልፍ ከአንገታቸው ሲያወልቁ ክሩ ጥምጥማቸው ላይ ተያዘና ሰው አገዛቸው። ያገዝኳቸው እኔ ነበርኩ።

የኳስ ደጋፊ ክፉ ልማድ አለው። ቡድኑ ሲሸነፍ ጥፋቱ ምን ጊዜም የዳኛው ነው፤ የሜዳው ነው፤ የነፋሱ ነው። የአብዬን እከክ ወደ እምዬ ልክክ ማለት እኛ ዘንድ ሙያ ነው። ያን ሰሞን እኔም እንደዚያው አደረግኩ። ሠርገኞቹ ከበሮ ቢሰጡኝ ኖሮ፤ ያ መሐንዲስ ያን ቪዲዮ ባያሳየኝ ኖሮ፤ አጥቂው ባያገባ ኖሮ። ሁሉንም ከሰስኩ። ክሱ ሲያልቅ ዱላው እኔው እጅ ውስጥ ተገኘ።

በዚያ ላይ ጓደኛዬ ሜዳ ላይ የቀረጸኝን ቪዲዮ፣ ገና በዕለቱ፣ ለመሐንዲሱ ልኬለት ነበር። እሱም ለቡድኑ ደጋፊዎች አሳይቷቸው በጣም እንደተደሰቱ ጻፈልኝ። እኔ የደብሬን ከበሮ ስቀድድ የማላውቃቸው ሰዎች ባሕር ማዶ አጨብጭበውልኛል። አሁንም አልፎ አልፎ “ከበሮው እንዴት ነው?” እያለ ይጽፍልኛል። “ደህና ነው” እላለሁ። መልሴ ለሁሉም አንድ ነው።

ማስጨፈሩን ጉሮሮዬን አሞኛል ብዬ ተውኩት። ሆድ ያባውን ብቅል ያወጣዋል ሲባል እየሰማሁ ስላደግኩ ጠላ ባለበት ብዙ መቀመጥም ፈራሁ። ያልቻልኩት ከንስሐ አባቴ መሸሽን ነው። ጾም ሊገባ ሲል ቤታቸው እሄዳለሁ። ከመደቡ ሥር ተንበርክኬ ጥቃቅኑን እዘረዝራለሁ፤ ሰው አምቻለሁ፣ ሚስቴን ተቆጥቻለሁ፣ ዳኛ ተሳድቤአለሁ። እሳቸው መስቀላቸውን ይዘው ያዳምጡና፣

“ሌላስ?” ይላሉ።

“ሌላ የለም አባቴ።”

ከዚያ ስግደቴን ያዝዙልኝና እግዚአብሔር ይፍታህ ይሉኛል። ሳይፈታኝ ወደ ቤቴ እመለሳለሁ። ሦስት ዓመት እንደዚህ አለፈ። ከበሮው አዲስ ቆዳ ለበሰ፤ ቁልፉ ወደ ሌላ ሰው ዞረ፤ እሳቸው በበዓል ቀን ከዕቃ ቤቱ ደጅ ርቀው ከሕዝቡ ጋር ይቆሙ ጀመር።

ዘንድሮ ፍልሰታ ሊገባ ሁለት ቀን ሲቀረው ሄድኩ። ከሰዓት በኋላ ነበር፤ ዝናቡ አባርቷል። ባለቤታቸው ደጅ ሆነው ከጎረቤት ጋር በአገሬው ቋንቋ በኽምጣና ያወራሉ። እኔ ተንበርክኬ ልጀምር ስል ከታች ከሜዳው በኩል ጩኸትና የከበሮ ድምፅ መጣ። የክረምቱ የቀበሌዎች ውድድር ነው። ቤታቸው ከሜዳው በላይ ካለው ዳገት ላይ ነው፤ ድምፁ እቤት ውስጥ የሚመታ ያህል ይሰማል። እሳቸው ራሳቸውን ዘንበል አድርገው አዳመጡ።

“ይሄ የሠርግ ከበሮ ነው” አሉ፣ ለራሳቸው የሚናገሩ መስለው። “ቆዳውም የላላ ነው።”

ከየትኛው ከበሮ ጋር እንዳነጻጸሩት አወቅኩ።

“አባቴ… ያን ጊዜ ፃግብጂ አልሄዱም ነበር?”

“በቅሎዋ አነከሰችብኝና ከመንገድ ተመለስሁ። እዚህ መደብ ላይ ነበርሁ።” መስቀሉን ከአንዱ እጃቸው ወደ ሌላው አዛወሩት። “ሠላሳ ዓመት ያስተኛሁትን ከበሮ ድምፁን አላውቀውም ብለህ ነው? ሜዳ መዋሉን ሰማሁ። ቁልፉን የመለስህልኝ ዕለት ማታ ጠበል ረጨሁበት። ልብሱን ግን አልገለጥሁም፤ አንተ እስክትነግረኝ ብዬ።”

አለቀስኩ። ያደረግኩትን ሁሉ ነገርኳቸው፤ ጋቢውን፣ ዱላውን፣ ወደ ግድግዳ ያዞርኩትን ፊት። ሳያቋርጡኝ ሰሙ። ስጨርስ ይፈቱኛል ብዬ አንገቴን ደፋሁ።

“እሱስ የቆዳ ነገር ነው፤ ተለወጠ” አሉ። “ሌላስ?”

ሌላ እንደሌለ ልናገር አፌን ከፈትኩ። ከዚያ ገባኝ።

“እርስዎ በሕዝብ ፊት ሲወቀሱ አጠገብዎ ቆሜ ዝም አልሁ። ቁልፉን ሲያወልቁም አገዝሁዎት።”

“እ” አሉ። “እኔ ያን ቀን የጠበቅሁት ‘እኔ ነኝ’ እንድትል ነበር። ስትዘገይ እኔ አልሁት።”

ስግደት አልሰጡኝም። እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ሕዝቡ ሳይበተን እንድናገር ብቻ አዘዙኝ። ተናገርኩ። ድምፄ፣ ያ ሜዳ የሚያናውጥ ድምፄ፣ ከፊተኛው ሰው አላልፍ ብሎ ሁለት ጊዜ ‘ጮክ በል’ ተባልኩ። ተማሪዎቼም ነበሩ። ሊቀ መንበሩ ከቄሰ ገበዙ እግር ላይ ሊወድቁ ሲሉ እሳቸው ትከሻቸውን ይዘው አነሡአቸው፤ ቁልፉም ተመለሰላቸው። ሴቶች እልል አሉ። እኔም አሁን ተፈታሁ ብዬ አሰብኩ።

ወደ ዕቃ ቤቱ ሄዱ፤ ከኋላቸው ተከተልኩ። ቁልፉን ወደ ጓጉንቸሩ አስጠጉ። አንዴ ሳቱት፤ ደገሙት፤ አሁንም ሳቱት። ድሮ ሳያዩ በጨለማ የሚከፍቱት በር ነው። ቆም ብለው እጃቸውን ተመለከቱትና ቁልፉን ወደ እኔ ዘረጉት።

“አንተ ክፈተው” አሉኝ።

ከፈትኩት። ከዚያን ቀን ወዲህም በየበዓሉ የምከፍተው እኔ ነኝ፤ እሳቸው ከኋላዬ ቆመው ይጠብቁኛል።