ሁለቴ ትጣራ የነበረችው እህቴ

ታናሽ እህቴ አንድን ነገር ሁለቴ ሳትናገረው አታርፍም ነበር። አመሉ የመጣባት ከሥራዋ ነው። አውቶቡስ መናኸሪያው ውስጥ፣ በመስታወት በታጠረች ጠባብ ክፍል ተቀምጣ በድምፅ ማጉያ መንገደኛ የምትጠራው እሷ ነበረች። «አንደኛው ጥሪ ነቅቶ ለሚጠብቅ ነው፤ ሁለተኛው ሻንጣው ላይ ተደግፎ ላንቀላፋው» ትል ነበር። ድምፅዋ ጥርት ያለ፣ ሳይጮህ የሚደርስ ድምፅ ነው። እኔ ገበያ ስሄድ በመናኸሪያው አጥር በኩል ባለፍኩ ቁጥር ቆም ብዬ እሰማት ነበር። ኩራቴን ግን ነግሬያት አላውቅም። ታላቅ እህት ታናሿን ፊት ለፊት ካሞገሰቻት ልቧ ያብጣል ይባል ስለነበር ነው።

የመናኸሪያው ሰዎች «ሁለቴ» ብለው አወጡላት፣ እሱው ስም ሆኖ ቀረ። ቤትም ያው ናት። «ጨው አቀብለኝ፣ ጨው አቀብለኝ።» ነፍሱን ይማረውና ባሏ ጨዋታ አዋቂ ነበር፣ «ላግባሽ ስላት እሺ፣ እሺ አለችኝ። አሁን አንደኛዋን እሺ ልመልስልሽ ብላት አትቀበለኝም» እያለ ሰው ያስቅ ነበር።

በቀቀኑን ያገኘችው እዚያው ሥራ ላይ ነው። አንድ መንገደኛ ከነሽቦ ጎጆው ወንበር ሥር ረስቶት ሄደ። ግራጫ ሆኖ ጅራቱ ቀይ፣ አንገቱን ሰበር አድርጎ ሰውን ከላይ እስከ ታች የሚመረምር ወፍ። «ወፍ የረሳችሁ መንገደኛ፣ መጥታችሁ ውሰዱ» እያለች ስንት ቀን ተጣራች፤ የመጣ ግን የለም። ሻንጣ ተሸካሚው አንድ ጠዋት ቆቡን አንሥቶ «ጋሼ፣ እንዴት አደሩ?» ቢለው ሁሉም ሳቀ፣ ወፉም ጋሼ ተባለ። አለቃዋ ወይ ውሰጂው ወይ ጣይው ሲላት ይዛው መጣች።

ጋሼ መጀመሪያ ላይ ድምፁ አይሰማም ነበር። ታባብለዋለች፣ ፍሬ ትሰጠዋለች፣ ትለማመጠዋለች፤ ወይ ፍንክች። «ዲዳ ነው ያመጣሽብን» አለ ባሏ። አንድ ቀን ታዲያ እሷ ሥራ ገብታ፣ ባሏ ፊቱን ሳሙና ቀብቶ ሲላጭ፣ ከጀርባው የሚስቱ ድምፅ «መንገደኞች፣ አውቶቡሱ ሊነሣ ነው፣ ግቡ!» ብሎ አንባረቀ። ሰውየው በድንጋጤ አገጩን ቆርጦ፣ አረፋው እየተንጠባጠበ እኔ ዘንድ መጣ። ቤታችን ግድግዳ ለግድግዳ ነው። «እትዬ፣ ሚስቴ ቤት ሳትኖርም ትጮህብኝ ጀመር!» አለኝ። ሮጠን ስንገባ ጋሼ ሁለተኛውን ጥሪ ጀመረ።

ዓመታት አለፉ። እህቴ ጡረታ ወጣች፣ ባሏም ሞተ። አንድ ልጇ ሌላ ከተማ ስልክ ይጠግናል፤ ሱቅ አለው። እሱ ነው ያቺን ዕቃ ያመጣላት። የስኳር ዕቃ ክዳን የምታክል ክብ ነገር ናት፤ ግድግዳ ላይ ሰካትና የእናቱን ድምፅ አስለመዳት። የምትታዘዘው ለዚያ ድምፅ ብቻ ነው። እኔ «መብራት» ብላት ሰምታ እንዳልሰማች ዝም! እህቴ ስትላት ግን እሺ። ስሟን ሰሚዋ አልናት።

ጣጣው የእህቴ አመል ነበር። «መብራት!» ስትል ይበራል፤ «መብራት!» ብላ ስትደግመው ይጠፋል። የጎረቤት ሰው የመስኮቷን ብልጭ ድርግም አይቶ ምን ሆነች ብሎ እየሮጠ ይመጣ ነበር። ስልኩም እንዲሁ ነው። ምሳ ሰዓት ሲደርስ «ልጄን ጥሪ» ትላለች፤ ሰሚዋ ትደውላለች። «ልጄን ጥሪ» ብላ ስትደግም የጀመረችውን ቆርጣ እንደገና ትደውላለች። ልጁም ለምዶታል። «አንዴ ጮኾ ተቋርጦ ዳግመኛ ከጮኸ እናቴ ናት» ይላል ለደንበኞቹ። ሲያነሣው «ምሳ በላህ? ምሳ በላህ?» ነው። ካልበላ ትቆጣለች፣ ከበላም ምን በላህ ብላ ትቆጣለች።

ጋሼም አንድ ቀን «መብራት!» ቢል መብራቱ ቦግ አለ። ሰሚዋ የእህቴን ድምፅ ከወፉ ድምፅ መለየት አቃታት። እኔስ መቼ እለይ ነበር?

ከዚያ እህቴ ስትሮክ መታት። ከሆስፒታል ስትወጣ ቀኝ እጇ ዝሏል፣ አፏም ወደ አንድ ወገን ተንጋዷል። ልቧ ሁሉን ያውቃል፤ ቃሉ ግን ከጉሮሮዋ ወጥቶ ከንፈሯ ላይ ሲደርስ ይበተናል። ቤቷ የገባች ዕለት ወንበሯ ላይ ተቀምጣ፣ ሰሚዋን ቀና ብላ አይታ፣ ትግል ገጥማ «መ…ባ…ት» አለች።

ሰሚዋ በዚያ በለሰለሰ አፏ «ይቅርታ፣ ድምፅዎን አላወቅሁትም» አለቻት።

ደገመች። «ይቅርታ፣ ድምፅዎን አላወቅሁትም።»

ይህን ጊዜ ጋሼ ከጎጆው ሆኖ በዚያ በጥንቱ ጥርት ባለ ድምፅዋ «መብራት!» አለ። በራ። እህቴ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች። አንጀቴን በላችው። ወፉን ባንቀው ደስ ባለኝ።

ልጇ እኔ ቤት ልውሰድሽ አለ። እህቴ በእጇ ወለሉን እየመታች እዚህ አለች፤ ከቤቴ አልወጣም ማለቷ ነው። ልጁም እውነቱን ነው፤ «ብትወድቂ ማንን ትጠሪያለሽ? አክስቴ ግድግዳው ቢፈርስም አትሰማም» አለ። ስድብ መሰለኝ እንጂ ሐሰት አልነበረም፤ ጆሮዬ ደክሟል። ስልክ አንሥታ እንዳትደውል ቀኝ እጇ አይታዘዝላትም፣ በግራዋም አልለመደችም። ስለዚህ ተስማሙ፦ በሰሚዋ በኩል ራሷ ልትጠራው ከቻለች ቤቷ ትቆያለች፤ ካልቻለች ትሄዳለች።

የንግግር ሐኪሟ ያዘዘቻትን ልምምድ ጥርሷን ነክሳ ያዘች። ውሃ በተሞላ ብርጭቆ ውስጥ በቀጭን ቱቦ እፍ ማለት ነው፤ ጉርጉርጉር። ጋሼም ጉርጉርጉር ማለት ተማረ። «ይኸው ታማሚው ሁለት ሆነ» ብላት ሳቀች፤ ከታመመች ወዲህ ስትስቅ የመጀመሪያዋ ነው።

አንድ ቅዳሜ ልጇ ሳይታሰብ ዕቃ ተሸክሞ፣ ፊቱ ፈክቶ ገባ። እናቱን አገላብጦ ሳማት።

«እማዬ! ድምፅሽ እኮ ልክ እንደ ድሮው ሆኗል! ማክሰኞ ስትደውዪ ማመን አቃተኝ፤ ሱቅ ውስጥ ቆሜ አለቀስኩ። ለምን አልነገርሽኝም አክስቴ?»

«ምኑን?» አልኩ። እህቴም ጣቷን ደረቷ ላይ አድርጋ እኔ? አለች በዓይኗ። ማክሰኞማ ሁለታችንም ሆስፒታል ነበርን፤ ለእጇ ልምምድ ሄደን።

«ምሳ በላህ አልሽኝ፣ ሳልመልስልሽ ተቋረጠ…»

ወሬው ሳያልቅ የምሳ ሰዓት ደረሰ። ጋሼ ክንፉን አራገፈና «ልጄን ጥሪ! ልጄን ጥሪ!» አለ። የልጁ ኪስ ጮኸ፣ ተቋረጠ፣ እንደገና ጮኸ። አውጥቶ ስልኩን አየ፤ እናቱን አየ፤ ወፉን አየ።

«ምሳ በላህ? ምሳ በላህ?» አለ ጋሼ፣ ከጎጆውም ከስልኩም።

«አልበላሁም፣ ጋሼ» አለው ልጁ፤ ሳቁም እንባውም አብረው መጡበት። ከዚያ ፊቱ ጨለመ። «በቃ እማዬ። አንቺ ወድቀሽ ወፉ ምሳ በላህ ቢለኝ ደህና ናት ብዬ ልቀመጥ ነው? ወይ ወፉ ከዚህ ቤት ይውጣ፣ ወይ እሁድ ሳምንት መጥቼ እወስድሻለሁ።»

«እምቢ» አለች።

ጥርት ብሎ ነው የወጣው። ሁላችንም ክው አልን። ያን ጊዜ ነው ልብ ያልኩት፤ አንዴ ነበር ያለችው። ቃል እንደ ድንጋይ ከባድ ሆኖባት ማን ይደግመዋል?

ቀጥላ በደህና እጇ ሰሚዋን አመለከተች፤ ከዚያ የሻሿን ጫፍ ይዛ አየሩን እንደ ሰሌዳ ጠረገች። አፏን ነካች፤ ሰሚዋን አመለከተች።

ልጁ ገባው። «የድሮው ድምፅሽ ከውስጧ ይጥፋ፣ ያሁኑን ላስለምዳት ነው የምትዪኝ? እማዬ፣ አንዴ ካጠፋሁት አይመለስም እኮ።»

«አ…ጥፋ።»

«አክስቴ፣ አንቺ ንገሪያት እንጂ!»

እኔም አላስቻለኝም። ያ ድምፅ እኮ እናታችን ስትጠራት አቤት ያለችበት ነው፤ ስንቱን አንቀላፊ አውቶቡሱ ላይ ያደረሰ ነው። «እቴ፣ ይቆይ እስቲ፤ ቀስ በቀስ ይመለስልሽ ይሆናል» አልኳት። እሷ ግን ራሷን ነቀነቀችና ወደ ጋሼ ጠቆመች። እዚያ አለልሽ ማለቷ ነው።

አጠፋው። ሰሚዋ አዲሱን ድምፅ ለመልመድ አንዱን ቃል ደጋግመው ይናገሩ አለች። እህቴ ሞከረች፤ ሰሚዋ አልያዘችውም። ልጁ እንዴት እንደሚጀመር አሳየኝና ፊቱን ቅጭም አድርጎ ሄደ።

ያን ሳምንት አልረሳውም። ጠዋት እኔ የሰሚዋን ቁልፍ እጫናለሁ፣ እሷ ትጀምራለች። «ል…ን…ጥ…» «ይቅርታ፣ በድጋሚ ይናገሩ።» የአንገቷ ሥር ይገታተራል፣ ላብ ግንባሯን ያጠምቀዋል። «ይበቃሻል፣ ጡንቻ ልታነሺ ነው እንዴ?» ስላት በደህና እጇ ጠረጴዛውን ጠረቅ ታደርጋለች፤ ዝም በይ ማለቷ ነው። በኋላ ግን ያቺው የጠረጴዛ ምት ረዳቻት፤ አንድ ምት አንድ ድምፅ፣ አንድ ምት አንድ ድምፅ እያለች ቃሉን በዜማ ታወጣው ጀመር። ጋሼ በበኩሉ «መብራት! መብራት!» እያለ ቢጮህ የሚሰማው አጣ። የድሮው ድምፅ ሥልጣኑ አልቋል። ከጎጆው ጥግ ኩርምት ብሎ ላባውን ይነጭ ጀመር። «አይዞህ ጋሼ፣ ጡረታ ነው፤ ይለመዳል» አልኩት።

ሐሙስ ከሰዓት በኋላ ሰሚዋ «አመሰግናለሁ፣ ድምፅዎን ይዣለሁ» አለች። እህቴ አላመነችም። ወደ ጣሪያው አንጋጣ «መ…ባት» አለች፤ በራ። ልትደግመው አፏን ከፈተችና ያዘችው፤ እጇን አፏ ላይ ጭና በሳቅ ተንፈራፈረች። ለልጅሽ እንንገረው ስላት አይሆንም አለች፤ በዓይኑ ሲያይ ነው እንጂ ወሬማ ወፍም ያወራል።

እሁድ ልጁ መኪና ከነሹፌሩ ተከራይቶ መጣ። ገብቶ ልብሷን አጣጥፎ ሻንጣ ውስጥ ጨመረ፤ አላስቆመችውም። ሲጨርስ በእጇ ውጣ አለችው። «የት?» አለ። እስከ መንገዱ ማዶ ጠቆመች። ግራ ገብቶት ወጣ። እኔ መስኮቱ ላይ ቆምኩ። ሹፌሩ ጋ ደርሶ እጁን ኪሱ ከትቶ ወደ ቤቱ ያያል። እህቴ ጠረጴዛዋን ያዘች።

ምት። «ል…» ምት። «ጄን…» ምት። «ጥ…ሪ።»

ሰሚዋ ፀጥ አለች። ከዚያ «በመደወል ላይ» አለች።

ማዶ ልጁ ሲዘል አየሁት። ስልኩን አውጥቶ መቋረጡን ይጠብቃል፤ ወፉ ከሆነ ተቋርጦ እንደገና ነው የሚጮኸው። አልተቋረጠም። አንድ ጥሪ፣ ሳይቆረጥ ይጮኻል። ጆሮው ላይ አደረገው።

«ም…ሳ…» አለች እህቴ፤ ፊቷ ቲማቲም መስሏል። «በ…ላህ?»

ልጁ መኪናው ላይ ተደግፎ ቁጢጥ አለ። ሹፌሩ የሞት መርዶ የመጣበት መስሎት ትከሻውን ይይዘዋል። ኋላ መንገዱን ግራ ቀኝ ሳያይ ተሻገረና ገባ። ሻንጣውን ከፍቶ ልብሷን አንድ በአንድ ቁም ሣጥኑ ውስጥ መለሰ። ሲጨርስ «አልበላሁም» አላት። እሷም ተቆጣች፤ በእጇ።

አሁን ይኸው በቤቷ አለች። ንግግሯ ትንሽ ተሻሽሏል፤ እንደ ድሮው ግን አይሆንም። ጋሼም ኩርፊያው ለቀቀው፤ ምን ያድርግ፣ አዲሱን ድምፅ ይሰማ ነበር። በቀደም የተሰባበረውን «ል…ጄን…ጥ…ሪ» ሳይጎድል አወጣው፤ የጠረጴዛውን ምት ሳይቀር በምንቃሩ ሽቦውን እየቆረቆረ። ሰሚዋም እሺ ብላ ደወለች። ልጁን «እንግዲህ ምን ታደርጋለህ?» ብለው «ምን ችግር አለ አክስቴ፤ ጋሼ እኮ ዛሬም ሁለቴ ነው የሚጣራው። ተቋርጦ ሁለቴ ከጮኸ እሱ ነው፣ አንዴ ከጮኸ እናቴ ናት» አለኝ።

አልፎ አልፎ ጠዋት ላይ፣ ነፋስ ሳይኖር፣ ጆሮዬን ግድግዳው ላይ ስለጥፍ ያ የጥንቱ ድምፅ ይመጣልኛል። «መንገደኞች፣ አውቶቡሱ ሊነሣ ነው፣ ግቡ!» ሁለተኛውን እስክሰማ ቆሜ እጠብቃለሁ። ከዚያ እህቴ በሁለት ቃል የምታልቅ ስድብ ወፉ ላይ ስትወረውር እሰማለሁ፤ አንዴ ብቻ።