በግራ እጅ የተጻፈ ደብዳቤ

ልጅ ሳለሁ የምሽት እሳታችን የኤሌክትሪክ ምድጃ ነበር። ባሕር ማዶ፣ ዊንቸስተር በምትባል የበረሃ ከተማ ውስጥ፣ ሁለተኛ ፎቅ ላይ፣ ባለ አንድ መኝታ አፓርታማ ውስጥ ሦስት ወንዶች እንኖር ነበር፤ እኔ፣ አባቴና የአባቴ አጎት አባባ ይመር። ብርድ ሲገባ የበረሃው ምሽት ይከፋል፤ ማሞቂያው ደግሞ ድምፅ እንጂ ሙቀት አልነበረውም። አባባ ይመር ታዲያ ምድጃውን ይለኩሱና፣ ጥምዝምዙ ብረት እንደ ፍም ሲቀላ ወንበራቸውን አስጠግተው ተረት ይጀምራሉ። ጭስ የለውም። የሚሸተው ቀን የተንጠባጠበ ዘይት ሲያር ብቻ ነው። ያኔ ስድስት ዓመቴ ነበር።

አባባ ይመር ከወሎ ወጥተው፣ በሱዳን አድርገው፣ ከእኛ ብዙ ዓመት ቀድመው የመጡ ሰው ናቸው። በአንድ ሆቴል ወጥ ቤት ሰሃን ሲያጥቡ ትከሻቸው አልቆ ጡረታ ወጥተዋል። ቤቱ የእሳቸው ነበር። አባቴ አየር ማረፊያ ተሽከርካሪ ወንበር እየገፋ የማታ ሺፍት ስለሚሠራ ምሽቱን የማሳልፈው ከእሳቸው ጋር ነው።

እናቴ ኮምቦልቻ ቀርታ ነበር። በጤና ምርመራው ሳንባዋ ላይ ነገር ስለተገኘ ሕክምናዋን ሳትጨርስ መግባት አትችልም ተባለ፤ የእኔና የአባቴ ቪዛ ጊዜው እንዳያልፍ እኛ ቀደምን። ስንደውልላት ድምፄን ስትሰማ ታለቅሳለች፤ ስታለቅስ ደግሞ ትስላለች። አንድ ቀን፣ «ስልኩ ይቅር፤ በእጅህ ጽፈህ ላክልኝ። እሱን እያየሁ እከርማለሁ» አለችኝ።

ፊደል ያስቆጠረችኝ እሷ ነች። ግራኝ መሆኔን ታውቃለች። እርሳሱን በግራ ስይዝ ወረቀቱን ትንሽ ታዘነብልልኛለች እንጂ ምንም ብላኝ አታውቅም።

ደብዳቤውን በማግስቱ ጻፍኩት። በእስክሪብቶ ስለነበር እጄ ከኋላ እየተከተለ ቀለሙን ጎተተው። አባባ ይመር ወረቀቱን ተቀብለው መብራት ስር አዩት። አልተቆጡም። በግራ አይበላም፣ በግራ ሰላም አይባልም፣ ለእናት በግራ እጅ አይሰጥም፤ ደብዳቤም ያው መስጠት ነው አሉኝ። በቀኝህ አሳምረህ ስትጽፍ ይላካል ብለው ወረቀቱን አጥፈው ኪሳቸው ከተቱት። ጠዋት አባቴ ከሥራ ሲገባ ነገርኩት። አጎንብሶ ጫማውን እየፈታ ነበር። «አባባ ያሉህን ስማ» አለኝ፣ ቀና ሳይል።

ከዚያ በኋላ ትምህርቱ በየምሽቱ ሆነ። አባባ ይመር ጎረቤት የጣለውን ትንሽ ነጭ ሰሌዳ አንሥተው አመጡና ማርከሩን በቀኝ እጄ ያስጨብጡኝ ጀመር። ግራ እጄን ጭኔ ስር አድርጌ እንድቀመጥበት ታዘዝኩ። «እሱ ሥራ ፈት ነው፤ ይተኛ» ይሉ ነበር እየሳቁ። እስኪደነዝዝ እቀመጥበታለሁ። ሳወጣው ጉንዳን የወረረው ይመስለኝ ነበር።

ዞር ሲሉ እጅ እቀይራለሁ። ግን ሰሌዳው ራሱ ያሳብቅብኛል፤ ግራ እጄ የጻፈውን እየጠረገ ስለሚሄድ የመዳፌ ጎን ይጠቁራል። መዳፌን ገልብጠው ያዩና፣ «ሌባው ተያዘ» ይላሉ። አንድ ምሽት የዓረብኛ ፊደል ሊያሳዩኝ ብለው ከቀኝ ወደ ግራ ጻፉ፤ እኔም ረስቼ ከስር በግራዬ ቀጠልኩ። ከእኔ መስመር አንድም ፊደል አልተጠረገም። የእሳቸውን ግን የገዛ መዳፋቸው ጠርጎት ነበር። ሁለቱን መስመሮች ሲያዩ ቆዩ። ከዚያ ቀስ ብለው፣ «በቀኝህ» አሉኝ።

እጄ ሲደክም ተረቱ ይመጣል። ከሁሉ ደጋግመው የነገሩኝ የግራ በሬውን ነው። አንድ ገበሬ በቀንበሩ ግራ በኩል ካልተጠመደ የማይሄድ በሬ ነበረው። ጎረቤት ሳቀበት። ገበሬው አፈረና በሬውን በቀኝ ጠመደው። በሬው ተኛ። ሲነሣ ትልም አጣመመ፣ ሞፈር ሰበረ። ገበሬው ግን እልኸኛ ነበርና ቀን ከቀን ሲያለማምደው ሰንብቶ፣ በመጨረሻ በሬው በቀኝ በኩል ቀጥ ብሎ አረሰ። የበሬውን መተኛት ሲያሳዩኝ ወንበራቸው ላይ ተዘርግተው ዓይናቸውን ይጨፍኑ ነበር። ያኔ እስቅ ነበር፤ በሬው እኔ መሆኔን እያወቅሁም እስቅ ነበር።

ብርዱ ሲያልፍ ቀኝ እጄ ለመደ። ደብዳቤውን እንደገና ጻፍኩት፤ መስመሩ ቀጥ ያለ፣ የተጎተተ ቀለም የሌለበት። አባባ ይመር «ማሻአላህ» ብለው ግንባሬን ሳሙኝ። አባቴ በእረፍት ቀኑ ፖስታ ቤት ሊወስደው ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠው። እረፍቱ ሐሙስ ነበር። ማክሰኞ ከኮምቦልቻ ተደወለ።

ሰው መጣ፣ ተቀመጠ፣ ሄደ። ስለነዚያ ቀኖች ሌላ የምጽፈው የለኝም።

ለቀስተኛው ካለቀ በኋላ አንድ ምሽት አባባ ይመር ምድጃውን ለኮሱ። ብርድ አልነበረም። ምን ልንገርህ ሲሉኝ የበሬውን አልኳቸው። በሬው ሲተኛ እሳቸው አልተዘረጉም። ቀጥ ብሎ አረሰ የሚለው ላይ ሲደርሱ ጠየቅኋቸው።

«አባባ፣ በሬው እስኪለምድ ዝናቡ ጠበቀው?»

እጃቸውን ዘርግተው ምድጃውን አጠፉት። ብረቱ ቅላቱን ቀስ እያለ ሲለቅ ሁለታችንም እሱን እናይ ነበር። ከዚያ ወዲያ ተረት ነግረውኝ አያውቁም። እጅህ ላይ ተቀመጥ ብለውኝም አያውቁም። በግራህ ጻፍም አላሉኝ፤ እኔም አልሞከርኩም።

ካደግሁ በኋላ አባባ ይመር ታመው ሆስፒታል ተኙ። ቀኝ እጃቸው ላይ ግሉኮስ ተተክሎ ነበር። ትራሳቸው ስር ከነበረች ትንሽ ቁርኣን መሃል የታጠፈ ወረቀት አውጥተው ዘረጉልኝ። ምን እንደሆነ ሳልገልጠው አወቅሁት።

«በግራዬ ሰጠሁህ። አውፍ በለኝ» አሉ።

«ኧረ ምንም አይደል፣ አባባ» አልኳቸው፤ ስለ እጃቸው ብቻ የተናገሩ አስመስዬ። ከዚያ የተሻለ መልስ ይገባቸው ነበር። በሦስተኛው ቀን ሞቱ። ወረቀቱን ሳልገልጠው መሳቢያ ውስጥ አስቀመጥኩት።

አሁን እኔም አየር ማረፊያ ወንበር እገፋለሁ። ልጄ ስድስት ዓመቷ ነው። ግራኝ ነች። በእረፍት ቀኔ ፊደል አስተምራታለሁ። መጀመሪያ እርሳሱን በግራዋ ስታነሣ እጄ ወደ እጇ ሄዶ ነበር፤ ሳይደርስ መለስኩት። ስትጽፍ ግን የእጇ አንጓ ተጣመመ፣ ታገለች። እንዴት እንደሚያዝ ላሳያት ብዬ ከሃያ ምናምን ዓመት በኋላ እርሳስ በግራዬ ያዝኩ። «እማዬ» ብዬ ጻፍኩ። ሌላ ቃል አልመጣልኝም።

ልጄ አይታ ሳቀች። «አባ፣ አንተ ኪንደርጋርተን ነህ?»

ተነሥቼ ወረቀቱን ከመሳቢያ አወጣሁና ገልጬ ከጎኑ አደረግሁት። እማዬ ደህና ነሽ፣ እዚህ በረዶ የለም፣ መቼ ትመጫለሽ ይላል፣ በተጎተተ ሰማያዊ ቀለም። የመጀመሪያው ቃልና አሁን የጻፍኩት አንድ ናቸው፤ ያው የተጋደመ ፊደል፣ ያው የተንቀጠቀጠ እግር። ቀኝ እጄ አድጓል፤ ስንት ቅጽ ሞልቷል፣ ስንት ቦታ ፈርሟል። ግራዬ ግን የተቀመጥኩበት ዕለት ላይ ቀርቷል።

ልጄ ማን እንደጻፈው ጠየቀችኝ። እኔ፣ ለአያትሽ፣ አልኳት።

«አገኘችው?»

«አላገኘችውም።»

ትንሽ አሰበችና ወደ ጽሑፏ ተመለሰች። አንጓዋ እንደገና ተጣመመ። ያን ጊዜ ነው እናቴ የምታደርገው ትዝ ያለኝ። የልጄን ወረቀት ጫፉን ይዤ አዘነበልኩት። ወዴት እንደነበር ግን ረስቼዋለሁ። መጀመሪያ ወደ ግራ አዞርኩት፤ ባሰባት። ወደ ቀኝ ሳዞረው አንጓዋ ተቃና፤ ቀና ብላ ሳታየኝ መጻፏን ቀጠለች።